አሮጌውን የድርቆሽ ሬክ ለሥራ ማብቃት

ስለ ድርቆሽ ሥራ ሲወራ ጨዋታው ሁሉ በማጨጃውና በማሰሪያው ማሽን ላይ ነው የሚያተኩረው። በሁለቱ መካከል ገብቶ፣ ታጭዶ የተነጠፈውን ሣር ከመሬት ሰብስቦ በረድፍ የሚያስቀምጠውን ሬክ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፤ ምናልባት ሞተር ስለሌለው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ አንጻር አነስተኛ ስለሆነ ይሆናል። ይሁን እንጂ ድርቆሹ ቅጠሉን እንደያዘ ወይም ቅጠሉን አራግፎ አገዳ ብቻ ሆኖ፣ ንጹሕ እንደሆነ ወይም አፈርና ጠጠር ተቀላቅሎበት ወደ መጋዘን መግባቱን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ችላ የተባለ ማሽን ነው። በደንብ የተስተካከለ አሮጌ ሬክ ከአዲሱ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል፤ ያልተስተካከለውን ግን አዲስነቱ ብቻ አያድነውም።

የምኖረው በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ ነው። በጎች፣ ፍየሎችና ጥቂት ላሞች አረባለሁ፤ ለገናና ለፋሲካ ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ ከተሞች የሚመጡት ደንበኞቼም አብዛኞቹ ያገሬ ሰዎች ናቸው። እዚህ በብርዱ ወራት ሣር ስለማያድግ የእነዚያን ወራት ቀለብ አስቀድሞ አድርቆ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ የሚታጨደው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር በመሆኑ ፀሐዩ አስተማማኝ ነው፤ የዚያ ችግር ዝናቡ እስኪያልፍ ሲጠበቅ ሣሩ ማርጀቱና አገዳው መጠንከሩ ነው። የእኛ ችግር የዚህ ግልባጭ ነው። ሣሩ ለአጨዳ የሚደርሰው በግንቦት፣ ልክ ወበቁና የከሰዓቱ ነጎድጓድ በሚበረታበት ወቅት በመሆኑ፣ ተከታታይ ሦስትና አራት የፀሐይ ቀን ማግኘት እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጠራል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ሬኩ መሥራት አለበት፤ የዛገ ብሎን ለመፍታት የሚባክን ከሰዓት የለም።

በዚህ አካባቢ በርካሽ ከሚገኙት አሮጌ ሬኮች ቀደም ያለው በፈረስ ዘመን የተሠራው ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት መንኮራኩሮች፣ አንድ መቀመጫ፣ ከመቀመጫው በታች ደግሞ በሰልፍ የተደረደሩ የቀስት ቅርጽ ያላቸው የሞላ ብረት ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ሣሩን እየጎተቱ ይሰበስባሉ፤ ሲሞሉ ነጂው ፔዳሉን ይረግጣል፤ መንኮራኩሩ በራሱ ጉልበት ጥርሶቹን ወደ ላይ ያነሳና ክምሩን ያራግፋል። ዛሬ በየቤቱ ደጃፍ ለጌጥ ቆሞ ሐረግ የሚጠመጠምበት ይኸው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለሱሉልታም ሆነ ለደብረ ብርሃን ሜዳ የውጭ ምንዛሪ ከሚበሉት ትልልቅ ማሽኖች ይልቅ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ፈረስ ይጎትተዋል፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ ክፈፉ ቢሰበር ማንኛውም ብየዳ ቤት ይጠግነዋል። ጥርሶቹ ብቻ ሲሰበሩ መተካት እንጂ መበየድ አያዋጣም፤ የሞላ ብረት በብየዳ እሳት ጠባዩ ስለሚበላሽ ከተበየደበት አጠገብ መልሶ ይሰበራል።

ሌላው ዓይነት፣ ዙሪያቸውን ረጃጅም የሽቦ ጣቶች የተተከሉባቸው ትልልቅ ክብ ብረቶች በሰያፍ የተደረደሩበት ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ የሚበላሽ ነገርም የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ክቦቹ የሚዞሩት ጣቶቹ መሬቱንና ሣሩን እየነኩ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ ካልተነዳ አፈሩንም ጠጠሩንም ከሣሩ ጋር ይጠርጋል። የሸናንዶዋ ሸለቆ ደግሞ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በየማሳው ድንጋይ ብቅ ይላል። ለእንዲህ ያለ መሬት አልመክረውም።

እኔ የምጠቀምበት ሦስተኛውን ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ የተመሠረተውና ስሙን ከመነጨባት ከተማ የወሰደው ኒው ሆላንድ የተባለው የእርሻ መሣሪያ ድርጅት «ሮላባር» እያለ ሲሠራቸው ከኖራቸው ሬኮች አንዱ ነው። ከትራክተሩ በስተኋላ በሰያፍ የተቀመጠ ከበሮ አለው፤ ከበሮው ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ አግዳሚ ብረቶች የያዘ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ብረት ላይ ጥርሶች ቁልቁል ተሰክተዋል። የአሠራሩ ብልሃት ያለው በከበሮው ሁለት ጫፎች ላይ ነው። ጫፍና ጫፍ ያሉት ክቦች ትይዩ ሆነው ግን ሳይፋጠጡ ስለተቀመጡ፣ አግዳሚዎቹ ሲዞሩ ጥርሶቹ አብረው አይገለበጡም፤ ወደ ላይ ሲወጡም ሆነ ወደ ታች ሲመለሱ ጫፋቸው ሁልጊዜ ወደ መሬት ያመለክታል። ስለዚህ ጥርሱ ሣሩን ወደ ጎን ገፍቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጠምዝዞ አይጎትተውም። ከበሮው በሰያፍ ስለቆመም ሣሩ እስከ ረድፉ ድረስ የሚሄደው መንገድ አጭር ነው፤ መንገዱ ባጠረ መጠን የሚረግፈው ቅጠል ያንሳል።

ከበሮውን የሚያዞረው የራሱ የሬኩ ጎማ ነው። ከትራክተሩ የሚፈልገው መጎተትን ብቻ በመሆኑ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 እንኳ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም።

እንዲህ ያለ ሬክ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ጎረቤት አጥር ሥር፣ ወይን ሐረግ ወጥቶበት ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር። ስገዛው ለረጅም ዘመን መካኒክ ሆኖ የኖረ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። እሱ ቀለሙን አላየም፤ በቀጥታ ወደ ከበሮው ሄዶ አግዳሚዎቹን ከጫፍ ሆኖ በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ ቀጥ ማለታቸውን ተመለከተ። ጥርስ ቢጎድል ይገዛል፣ ኩሽኔታ ቢሞት ይቀየራል፤ የተጣመመ አግዳሚ ግን ማሽኑን ከእግር እስከ ራሱ ያናጋዋል። ቀጥሎ የከበሮውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ ኩሽኔታው ያለቀ ከሆነ ልቅነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። ከዚያም ሬኩን በክሪክ አንስተን ጎማውን በእጅ አዞርነው። ወደ ፊት ሲዞር ከበሮውን ይዞት መሄድ፣ ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ መልቀቅ አለበት፤ በጎማው ውስጥ ያሉት መያዣዎች በደረቀ ግራሶ ከተጣበቁ ወይ ጭራሽ አይዙም፣ ወይ አይለቁም። በመጨረሻ የካምቢዮውን ዘይት አየን። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ግዢ አያስቀርም፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

ብሎኖቹን ለመፍታት ስንጀምር ቺያቬውን በቱቦ አስረዝሜ ልታገል ስል ከለከለኝ። «ልጄ፣ ብሎን አትታገል፤ ዘይቱን ስጠውና ምሳህን ብላ» አለኝ። ጋሼ ያለው ልክ ነበር። ዝገት ሰርስሮ የሚገባውን ዘይት ማታ ያጠጣነው ብሎን ጠዋት በቀላሉ ይፈታል፤ የማይፈታውን ደግሞ ዳዶውን ብቻ አሙቆ መሞከር ነው። የጥርስ ማሰሪያ ብሎኖችን ግን ማሞቅ አይቻልም፤ ጥርሶቹ ከአግዳሚው ጋር የተያዙት በጎማ (ላስቲክ) መያዣ ስለሆነ ጎማው ይቃጠላል። እነዚያን ቆርጦ በአዲስ መተካት ይቀላል።

በጥርሶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሬኩ ነፍስ እነሱ ናቸውና። የአሮጌ ሬክ ጥርስ ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። አንደኛው መጣመም ነው፤ ጥርሱን ቀጭን ቱቦ ውስጥ አስገብቶ በቀስታ በመመለስ ይድናል። ሁለተኛው የጥርሱ መያዣ ጎማ መድረቅ ነው። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ጎማ ይሰነጣጠቃል፤ ጥርሱም ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል ወይም እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ከበሮውን በእጅ ቀስ አድርጎ እያዞሩ የእያንዳንዱን አግዳሚ ጥርሶች ጫፍ በቀጥተኛ እንጨት ማስተያየት ነው። አንድ ጥርስ ከሌሎቹ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ሬኩን የምታስተካክሉት ለእሱ ስትሉ ይሆናል፤ ወይ እሱ መሬት ይቧጥጣል፣ ወይ የቀሩት ሣር ይስታሉ።

በማሳ ላይ የሚወድቅ ጥርስ ከኪሳራነቱ ይልቅ አደገኛነቱ ይብሳል። ሽቦው ከድርቆሹ ጋር ይታሰርና ብርድ በመጣ ጊዜ ላሟ ፊት ይቀርባል። ላም ምግቧን ሳትመርጥ የምትውጥ እንስሳ ናት፤ የዋጠችው ብረት ከጨጓራዋ ክፍሎች በአንደኛው ውስጥ ይቀመጥና ግድግዳውን ወግቶ እስከ ልብ ሽፋን ሊደርስ ይችላል። ከብት አርቢዎች ላሞቻቸውን ማግኔት የሚያስውጡት፣ ብረቱ በዚያ ተይዞ እንዲቀር ነው። እኔ ደግሞ ከመነሻው ለመከላከል እያንዳንዱን ጥርስ ከአግዳሚው ጋር በቀጭን ሽቦ ልል አድርጌ አስሬዋለሁ፤ ቢሰበርም ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ማታ ሳየው እቀይረዋለሁ።

ማስተካከሉ የሚጀመረው በማሳ ላይ ሳይሆን በጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ የጋራዥ ሲሚንቶ ካለ እሰየው። መጀመሪያ ጎማዎቹ ናቸው። ግራና ቀኙ እኩል መጠንና እኩል አየር ከሌላቸው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ልኬት ሁሉ ውሸት ነው። ቀጥሎ ሬኩ በሚሠራበት ትራክተር ላይ ይታሰራል፤ የትራክተሩ ጋንቾ ከፍ ካለ የከበሮው አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ዝቅ ካለ ዝቅ ስለሚል፣ በአንዱ ትራክተር የተስተካከለ ሬክ በሌላው ላይ ሲታሰር እንደገና መለካት አለበት። ከዚያ የከበሮው ሁለት ጫፎች በየራሳቸው እጀታ ይነሱና ይወርዳሉ፤ ለመነሻ የጥርሶቹን ጫፍ ከወለሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርጋለሁ። ማጨጃው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ሣር አስቀርቶ ካጨደ፣ የደረቀው ሣር በዚያ ላይ እንደ አልጋ ተንተርሶ ስለሚቀመጥ ጥርሱ አፈሩ ድረስ መውረድ አያስፈልገውም። አጭር አጭዶ ሬኩን መውቀስ ግን የተለመደ ነው።

የጥርሶቹን ዘንበል ማለትም መለወጥ ይቻላል። ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርጎ መጀመር ጥሩ ነው። ጫፋቸው ወደ ፊት ሲያዘነብል የተኛውን ሣር በደንብ ያነሳሉ፤ ነገር ግን ሣሩን ይዘው ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ ያመጣሉ። ወደ ኋላ ሲያዘነብል በቀላሉ ይለቃሉ፤ ጥቂትም ይስታሉ።

በማሳ ላይ ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ወርጄ መሬቱን አያለሁ። አፈሩ ላይ የጭረት መስመር ካለ ከበሮው ከፍ ይበል። ሣር የቀረ ከሆነ ግን ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ወዲያው ዝቅ አላደርግም፤ መጀመሪያ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው እሱ ነው። አፈር ጉዳቱ በዓይን ባይታይም በላቦራቶሪ ምርመራ ይጋለጣል። የሣር የራሱ ማዕድን ከደረቅ ክብደቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነው፤ ውጤቱ 12 በመቶ አመድ (ሣሩ ሲቃጠል የሚቀረው ማዕድን) ካሳየ ትርፉ ከማሳው የተጠረገ አፈር መሆኑን መጠርጠር ነው። በጎቹ ያንን አይፈጩትም፤ ገንዘቡን የከፈልነው ግን እኛ ነን።

ሬኩን መቼ ማስገባት እንደሚገባ መወሰን ከማስተካከሉ ሁሉ ይበልጣል። ሣር ሲታጨድ ከክብደቱ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ነው። በሰፊው ተነጥፎ ፀሐይ ከመታው ውኃው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይወጣል፤ ስለዚህ ቸኩሎ በረድፍ መሰብሰብ ፀሐዩን መከልከል ነው። አዘግይቶ መሰብሰብ ደግሞ ቅጠሉን ያሳጣል፤ በተለይ ማገጥና አልፋልፋ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ቅጠሉ ከአገዳው ቀድሞ ስለሚደርቅ ጥርሱ ሲነካው ብን ይላል። ከፕሮቲኑ የሚበዛው ደግሞ ያለው በቅጠሉ ነው። የሚመከረው የእርጥበት ልክ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን ለማወቅ እኔ የወጥ ቤቱን ማይክሮዌቭ እጠቀማለሁ፦ ከተለያየ የማሳው ክፍል የወሰድኩትን ሣር ቆራርጬ 100 ግራም እመዝናለሁ፣ ከአጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጬ እንዳይቃጠል በአጭር በአጭር ጊዜ እያወጣሁ አደርቀዋለሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም 62 ግራም ከሆነ እርጥበቱ 38 በመቶ ነበር ማለት ነው፤ ትራክተሩ ይነሳ። ባለቤቴ ሽታውን ባትወደውም ግምትን ከማመን ይሻላል። በጣም ደርቆ ከተገኘ በማግሥቱ ጠዋት ጤዛው ገና ሳይለቅ መግባት ነው፤ ጤዛው ቅጠሉን ለስለስ ያደርገዋል።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ሬኩ ማጨጃው በሄደበት አቅጣጫ ቢሄድ ይመረጣል። እንዲያ ሲሆን ጥርሱ የሣሩን ቅጠላማ ራስ ቀድሞ ስለሚያገኘው፣ ቅጠሉ ወደ ረድፉ ውስጥ ይጠቀለልና አገዳው ወደ ውጭ ይቀራል፤ አገዳው ነፋስ ያገኛል፣ ቅጠሉም ከፀሐይ ይጠለላል። ከበሮው ከጎማ ጋር ስለተያያዘ ትራክተሩ በፈጠነ ቁጥር ጥርሱ ሣሩን የሚመታበት ኃይልም ይጨምራል። ለተራ ሣር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ማገጥ ለበዛበት ከዚያም ዝቅ እላለሁ። የመጀመሪያው ዙር አጥሩን ተከትሎ ሣሩን ከአጥሩ ማራቅ አለበት፤ አለዚያ የማሰሪያው ማሽን አይደርስበትም። ጥግ ላይ ሲደረስ በሰፊው መዞር ያስፈልጋል፤ በጠባቡ ከዞሩ ሣሩ ይቆለልና በዚያ ቦታ ረድፉ ጉብታ ይሆናል።

ጉብታ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩበት። የተቆለለው ሣር ከውስጥ ሳይደርቅ ይታሰራል። ትናንሽ እስሮች ከ18 በመቶ በታች እርጥበት ላይ ቢታሰሩ ይመረጣል፤ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ድርቆሽ በተሐዋስያን ሥራ መሞቅ ይጀምራል። የክምሩ ውስጥ ሙቀት 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነቅቶ መጠበቅ፣ 80 ሲደርስ ደግሞ የእሳት አደጋ ሰዎችን ጠርቶ በእነሱ ፊት እንጂ ብቻን ክምሩን አለመነካካት ነው፤ የጋለው ድርቆሽ ሲገለጥ አየር ያገኝና ይቀጣጠላል። አንድ መጋዘን ለማቃጠል ማሳው በሙሉ እርጥብ መሆን የለበትም፤ ከጥግ የመጡ ጥቂት እስሮች ይበቃሉ። ስለዚህ የጥጎቹን ረድፎች በመንሽ በእጄ እበታትናለሁ፤ የአገር ቤት ልማድ እዚህም ይሠራል።

ስለ ደኅንነት የምለው አጭር ነው። ሬኩ ሞተር የለውም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጎማው ከዞረ ከበሮው ይዞራል፣ በተዳፋት ላይ ደግሞ ጎማው ማንንም ሳይጠይቅ ይዞራል። በጥርሶቹ መካከል የተጠመጠመ ሣር የሚነሳው ትራክተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ለጎማው ድንጋይ ከተደረገለት በኋላ ነው። ወደ መንገድ ሲወጡም ከበሮውን ከጎማው ማላቀቅና ከፍ አድርጎ መቆለፍ፣ ከኋላ ደግሞ ዝግ ብለው ለሚሄዱ ተሽከርካሪዎች የተደነገገውን ብርቱካንማ ሦስት ማዕዘን መስቀል ያስፈልጋል።

የመጨረሻው አጨዳ ሲያበቃ ሬኩን አጥቤ፣ ግራሶ የሚቀበለውን ሁሉ አሮጌው እስኪወጣ በአዲስ ግራሶ እሞላለሁ፤ ውኃን የሚያስወጣው ይህ ነው። ጎማዎቹ ከመሬት እንዲላቀቁ በግንድ ላይ አስቀምጠውና ጣሪያ ሥር አስገባዋለሁ፤ የጥርሶቹን ጎማ የሚገድለው ከሥራው ይልቅ ፀሐይ ስለሆነ ጣሪያው ከቀለምም ከዘይትም ይበልጣል። የጎደሉትን ጥርሶችና ብሎኖች የማዝዘውም በዚያው በብርዱ ወራት ነው፤ በግንቦት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚፈልጋቸው፣ ሣሩ ተነጥፎ እያለ ዕቃ ጥበቃ መቀመጥ ይመጣል።